ጡረታ የወጣ ባልንጀራ ከሰፈር አይወጣም

በአየር ጤና፣ በአለም ባንክ፣ በቤተልና በሌሎችም የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ የሚዘዋወር ሰው አንድ ክፍል ብቻ የሆኑ፣ በራቸው ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለባቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ማየቱ አይቀርም። ወጣቶች በየጨዋታው ሒሳብ እየከፈሉና ተራ እየጠበቁ፣ አብዛኛውን ጊዜም የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወቱባቸዋል። እነዚህ ቤቶች በወላጆችና በመምህራን ዘንድ የሚነሡት ከትምህርት መዘናጋት ጋር ተያይዘው ነው። ያ ክርክር የራሱ ቦታ አለው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ብዙም ያልተነገረለትን ሌላ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዓመታት በተከታታይ የሚወጡ የቪዲዮ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የለመዳቸውን ባልንጀራ ገጸ ባሕርያት ይዘው ይቀጥሉ ወይስ ጡረታ ያውጧቸው?

ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢያን የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ ትውልድ ከአሥር ዓመት በላይ አብሮት የቆየን ድምፅና መልክ ማን፣ መቼ፣ በምን መብት ሊወስድበት ይችላል ብለን ስንጠይቅ፣ ጉዳዩ ከጨዋታ አልፎ ወደ ባህልና ወደ ቴክኖሎጂ ባለቤትነት ይሻገራል። ይህንን መጽሔት ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ነገ ሶፍትዌር የሚጽፉ፣ የልጆች ፕሮግራም የሚያዘጋጁና ሕግ የሚያረቁ እንደሚኖሩ ስለምናምን፣ ውሳኔውን ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።

ባልንጀራ ገጸ ባሕርይ ማለት ምን ማለት ነው?

ባልንጀራ ገጸ ባሕርይ የምንለው ከዋናው ገጸ ባሕርይ ጎን ሆኖ የሚያግዘውን፣ መንገድ የሚያሳየውን ወይም የሚያነጋግረውን ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት መካከል የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ እ.ኤ.አ. ከ1983፣ የሶኒክ ተከታይ የሆነው ባለ ሁለት ጭራው ቴይልስ ከ1992፣ ፒካቹ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ አሉ። የእነዚህ ገጸ ባሕርያት የመጀመሪያ ወዳጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እያሳደጉ ነው።

በእኛ ሰፈሮች ተዘውታሪ የሆነው የእግር ኳስ ጨዋታ በመሆኑ ባልንጀራው ብዙውን ጊዜ መልክ የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የእግር ኳስ ኮሜንታተር ማርቲን ታይለር እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው «ፊፋ 06» ጀምሮ በ2019 እስከ ወጣው «ፊፋ 20» ድረስ የዚህ ተከታታይ ጨዋታ ዋነኛ ድምፅ ነበር። በ2020 በወጣው «ፊፋ 21» ቦታውን ዴሬክ ሬይና ሊ ዲክሰን ያዙት። በ10 ዓመቱ ይህን ድምፅ መስማት የጀመረ ልጅ ድምፁ ሲሰናበት የ24 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያም በ2023 የጨዋታው ስም ራሱ ተቀይሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተባለ። በሰፈር ቋንቋ ግን «ና ፊፋ እንጫወት» የሚለው ግብዣ አልተቀየረም። ኩባንያው የሰረዘውን ስም ተጫዋቾቹ ይዘውት ቀርተዋል።

የቁጥሩ ችግር

ሠሪዎቹ ነባር ገጸ ባሕርያትን የሚያሰናብቱት ሁልጊዜ በውለታ ቢስነት አይደለም፤ በስሌት የሚታይ ምክንያት አላቸው። በአንድ ጨዋታ ውስጥ 10 ገጸ ባሕርያት ቢኖሩና እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር የሚገናኝ ቢሆን ጥንዶቹ 45 ናቸው። የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር በእጥፍ አድጎ 20 ሲሆን ግን ጥንዶቹ 90 ሳይሆኑ 190 ይሆናሉ። የስሌቱ ሕግ ቀላል ነው፤ የገጸ ባሕርያቱን ብዛት በአንድ ከሚያንሰው ቁጥር ጋር አባዝቶ ለ2 ማካፈል ነው።

ፖኬሞን የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ሲጀመር 151 ዓይነት ፍጡራን ነበሩት፤ ጥንዶቹን ብናሰላ 11,325 እናገኛለን። በ2019 የፍጡራኑ ቁጥር ከ800 አልፎ ነበር፤ በ800 ብቻ ብናሰላው እንኳ ጥንዶቹ 319,600 ይሆናሉ። የፍጡራኑ ብዛት ከ5 እጥፍ በጥቂቱ ሲበልጥ የጥንዶቹ ብዛት ከ28 እጥፍ በላይ አድጓል። በዚያው ዓመት «ሶርድ» እና «ሺልድ» የተባሉት ክፍሎች ሲወጡ፣ ተጫዋቾች ለዓመታት ያሳደጓቸውን ፍጡራን ሁሉ ወደ አዲሱ ጨዋታ ማዛወር ሳይቻል ቀረ። ከፍተኛ ተቃውሞም ተነሣ። በተከታዩ ዓመት ከተሰናበቱት መካከል ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም።

የፊዚክስ ተማሪ በዚህ ስሌት ብቻ ቶሎ መረታት የለበትም። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያሉትን የአየር ሞለኪውሎች ግጭት አንድ በአንድ ዘርዝረን አናውቅም፤ ሁሉንም የሚገዛ ሕግ እንፈልጋለን እንጂ። የጨዋታው ሠሪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፍጡራኑን በ18 ምድቦች ከፍለው አንዱ ምድብ በሌላው ላይ ያለውን ብርታት 18 በ18 በሆነ፣ 324 ክፍሎች ባሉት ሠንጠረዥ ወስነውታል። ስለዚህ የጥንዶቹ ብዛት ብቻውን በቂ ሰበብ አይሆንም። በሕግ የማይጠቃለለው ሌላው ሥራ ነው። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር የእያንዳንዱ ፍጡር መልክና እንቅስቃሴ እንደገና መሠራት አለበት፤ ጨዋታው ሚዛኑን እንዳይስትም መፈተሽ አለበት።

የድምፅ ባልንጀራም የራሱ ወጪ አለው። በሲዲ ጥራት በአንድ መሥመር የተቀዳ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ናሙና ይወሰድለታል፤ እያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ነው። በዚህ መጠን የአንድ ሰዓት ንግግር ሳይታመቅ 318 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ንግግር አንድን ሲዲ ሊሞላው ምንም አይቀረው። የመጀመሪያዎቹ የጨዋታ ባልንጀሮች ቃል ቆጣቢ የነበሩት በባሕርያቸው ዝምተኞች ስለነበሩ ሳይሆን ቦታ ስላልነበራቸው ነው። ድምፅን ማመቅ ሲቻልና የማከማቻው አቅም ሲያድግ ንግግሩም በዛ። ንግግሩ ሲበዛ ደግሞ ተናጋሪውን መተካት ከባድ ሆነ፤ ኮሜንታተር ሲቀየር የተጫዋቾችና የክለቦች ስም ሁሉ በአዲሱ ሰው አንደበት እንደገና መቀዳት አለበትና።

መንገድ መሪና ወዳጅ

በዚህ ላይ ሌላ ነገር እንጨምር። ሁሉም ባልንጀራ እኩል አይደለም። አንዳንዱ ለመምራት የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ አብሮ ለመሆን። መሪ የሆነው ባልንጀራ ሥራው ራሱን አላስፈላጊ ማድረግ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የቮልት መለኪያውን አያያዝ እናሳየዋለን፤ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስም ከትከሻው ላይ ሆነን ያንኑ ብንደግምለት እንቅፋት እንሆንበታለን እንጂ አንረዳውም።

ለዚህ ኮምፒዩተር የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። ማይክሮሶፍት በ«ኦፊስ 97» ፕሮግራሙ ላይ ክሊፒ የተባለ፣ ዓይንና ቅንድብ ያለው የወረቀት ማያያዣ አስገብቶ ነበር። ተጠቃሚው ደብዳቤ መጻፍ በጀመረ ቁጥር ብቅ እያለ ልርዳህ ይለዋል። መጀመሪያ ያዝናና ነበር፤ ሥራውን ለለመደ ሰው ግን አሰልቺ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 ካልጠሩት በስተቀር እንዳይመጣ ተደረገ፤ በ«ኦፊስ 2007» ጨርሶ ቀረ። ይህ ስንብት ትክክል ነበር እንላለን። ስሕተቱ የነበረው ተማሪው ማደጉን ባለማስተዋሉ ነው።

ወዳጅ የሆነው ባልንጀራ ግን በተለየ መለኪያ ይታያል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው አባባላችን የለመዱትን ነገር ያለ ምርመራ ለመያዝ ቢያገለግልም አንድ እውነት አለው። የታወቀ መልክ በአዲስ ነገር ውስጥ መግቢያ በር ይሆናል። የታላቅ ወንድሙን አሮጌ ጨዋታ አይቶ ያደገ ልጅ በአዲሱ ክፍል ያንኑ መልክ ሲያገኝ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ ያገኛሉ። ነባሩን ገጸ ባሕርይ ያለ በቂ ምክንያት ማስወገድ ይህን ቋንቋ ማሳጠር ነው።

ከአባባ ተስፋዬ እስከ ፀሐይ

ይህ ጉዳይ በአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ከአርባ ዓመታት በላይ የልጆች ባልንጀራ ሆነው የዘለቁት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆች ሁሉ በሚያውቋቸው ስም አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተረት ተራች፣ የመድረክ ተዋናይና የምትሐት ትርኢት አቅራቢ የነበሩት እኒህ ሰው ልጅን፣ አባትንና አያትን በአንድ ድምፅ አሳድገዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ይመለከት የነበረው ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ሽበት ያወጣውም ጭምር እንጂ። የአንድ ሰው ዕድሜ ግን ወሰን አለው። ሰው የሆነ ባልንጀራ ቢፈለግም ባይፈለግም አንድ ቀን ይሰናበታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ሌላ ዓይነት ባልንጀራ መጣች። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሀውዘር የፈጠሯት ፀሐይ የተባለች የስድስት ዓመት ቀጭኔ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ፕሮግራም ለሕፃናት ፊደልን፣ ቁጥርንና ንጽሕናን ታስተምር ጀመር። ፀሐይ አሻንጉሊት በመሆኗ አታረጅም። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾቿ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ላይ ያሉ ሲሆኑ እርሷ ግን አሁንም ስድስት ዓመቷ ነው። ለእርሷ ስንብት ተፈጥሮ አይወስንም፤ የሚወስነው ሰው ነው።

ከሁለቱ የምንማረው ይህ ነው። አባባ ተስፋዬን የተካ ማንም የለም፤ መተካትም አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ሥራቸው ሊታይ በሚችልበት ሁኔታ መቀመጡ ነው። ፀሐይን በየዓመቱ በአዲስ እንስሳ መለወጥም አያስፈልግም፤ የሕፃናቱ ትውልድ ራሱ በየጊዜው ይለወጣልና ለአዲሱ ሕፃን እርሷ ሁልጊዜ አዲስ ናት። ጥያቄው «ይቆይ ወይስ ይሂድ» ከሚለው ይልቅ «ከሄደ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል ወይ» የሚለው ነው። በአገራችን ጡረታ የወጣ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ይሰናበታል እንጂ ከሰፈሩ አይሰናበትም። በእድር ይሰበሰባል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሲፈለግ ይገኛል። ለጨዋታ ባልንጀሮችም የምንጠይቀው ይህንኑ ዓይነት ጡረታ ነው።

ዲስክና ሰርቨር

ይህ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ይህን ያህል አሳሳቢ አልነበረም። ምክንያቱ በማሽኑ አሠራር ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው፤ ምርቱ በ2013 መግቢያ ላይ አበቃ። ጨዋታዎቹ የሚቀመጡት በዲቪዲ ላይ ነበር። በዲቪዲ ላይ መረጃ ማለት እርስ በርሳቸው በ0.74 ማይክሮሜትር ርቀት በተደረደሩ መሥመሮች ላይ ያሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ናቸው፤ ባለ 650 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር ያነባቸዋል። ሌዘሩ ለማንበብ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ኩባንያው በአዲሱ እትም አንድን ኮሜንታተር ቢያሰናብት አየር ጤና ያለው አሮጌ ዲስክ ውስጥ ያ ሰው መናገሩን አያቋርጥም። መጨረሻው የሚመጣው ዲስኩ ሲጫጫር ወይም የማሽኑ ሌንስ ሲደክም ብቻ ነው።

ዛሬ ግን ብዙ ጨዋታዎች ያለ ኢንተርኔት አይከፈቱም፤ የጨዋታው ልብ ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ ባልንጀራው ከአዲሱ እትም ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ቤት በአንድ ቀን ይጠፋል። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጨዋታ ሰርቨር መጋቢት 31 ቀን 2024 ሲዘጋ፣ ዲስኩን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች ጭምር መጫወት አልቻሉም። ይህም በአውሮፓ ጨዋታዎች እንዳይገደሉ የሚጠይቅ ዘመቻ አስነሣ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተሰበሰበው ፊርማ በ2025 ከ1 ሚሊዮን አለፈ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሻጮች የሚሸጡት ነገር ንብረት ሳይሆን ሊሻር የሚችል ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ በ2024 ጸደቀ።

ለኮልፌ ወጣት ይህ የሩቅ አገር ክርክር አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበትና ኢንተርኔት በሚከፈልበት ሰፈር፣ በዲስክ ላይ ያለ ጨዋታ የሚያስተማምን ሀብት ነው። ጨዋታው ሁሉ ወደ ሰርቨር ሲዛወር ማን እንደሚሰናበት የሚወስነው ሌላ አገር ያለ ሰው ብቻ ይሆናል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ሰርቨር ማንቀሳቀስ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኩባንያዎችን ለዘላለም እንዲከፍሉ ማስገደድ አይቻልም የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የምንጠይቀውም ይህንን አይደለም። ሰርቨሩ ከመዘጋቱ በፊት ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ማዘጋጀት ለዘላለም ከመክፈል እጅግ የቀለለ ነው። ከመጀመሪያው ታስቦበት ከተነደፈ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል።

ነባሮቹ ካልወጡ አዲሶች ቦታ አያገኙም የሚሉም አሉ። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ዝነኛ ባልንጀሮች በአብዛኛው በጃፓንና በምዕራብ አገሮች የተፈጠሩ ናቸው፤ አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የሚናገር ኮሜንታተር በእነዚህ ታላላቅ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ውስጥ አልሰማንም። ልጆቻችን ድምፁን ዝቅ አድርገው በራሳቸው ቋንቋ ሲያስተላልፉ እንሰማለን፤ ይህ ባዶ ቦታ እንዳለ ያሳያል። ስለዚህ በአዲስ እትም ላይ ነባሩ ለአዲሱ ቦታ ቢለቅ አንቃወምም። አዲሱ ለመምጣቱ ግን አሮጌው መደምሰስ የለበትም።

ልጅ ይረሳል፣ ለዚህ ሁሉ ምን አስጨነቃችሁ የሚሉንም ይኖራሉ። ለትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት ያስተዋልነው ግን የሌሎች አገሮች ሰዎች ጨዋታን ከቅርስ እንደሚቆጥሩት ነው። በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሙዚየም አለ። የአንድ ትውልድ ልጅነት ምን ይመስል እንደነበር ለሚመረምር ተመራማሪ፣ የሚጫወት ጨዋታ ከተጻፈ ዘገባ ያላነሰ ሰነድ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በአገራችን ጨዋታ መሥራት ተጀምሯል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» በተባለው የሞባይል ጨዋታው ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን ባለ ታሪክ አድርጓል፤ ነባሩን ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እዚህ ላይ ገበጣን ማስታወስ ተገቢ ነው። ገበጣ ገጸ ባሕርይ የለውም፤ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው። ለዘመናት የኖረው ሕጉ በማንም ሰርቨር ላይ ስላልተቆለፈ ነው። መሬት መቆፈርና ጠጠር መልቀም የሚችል ሁሉ ሊጫወተው ይችላል። ገበጣን ጡረታ ሊያወጣው የሚችል ኩባንያ የለም።

ነገ ጨዋታ የምትሠሩ ተማሪዎች ከዚህ ሦስት ነገር እንድትወስዱ እንመክራለን። አንደኛ፣ መንገድ የሚመራውን ባልንጀራ ከተጫዋቹ ዕድገት ጋር ወደ ኋላ እንዲል አድርጋችሁ ሥሩት፤ ሲጠሩት ይምጣ፣ ሳይጠሩት አይምጣ። ሁለተኛ፣ ድምፁንና መልኩን ከጨዋታው ሕግ ለይታችሁ በየራሱ ፋይል አስቀምጡ፤ ያኔ የቋንቋ ለውጥም ሆነ የሰው መተካት ጨዋታውን አያፈርሰውም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛም ሆነ በትግርኛ የሚናገር ባልንጀራ መጨመርም የጥቂት ሰዎች ሥራ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት የሚከፈትበትን በር ከመጀመሪያው ቀን ክፍት አድርጋችሁ ንደፉ።

የሕፃናት ፕሮግራም ለሚያዘጋጁና መዛግብት ለሚጠብቁ ተቋማትም የምንለው አለን። የቆዩ የልጆች ፕሮግራሞች የተቀዱባቸው ካሴቶች መግነጢሳዊ ሽፋናቸው በጊዜ ብዛት ይበላሻል፤ ወደ ዲጂታል መገልበጥ የዛሬ እንጂ የነገ ሥራ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ከዚህ የተሻለ፣ ለአገር የሚጠቅም ርዕስ አያጡም ብንልም ስለ ካሴቱ የምናነሣው ሐሳብ ለእነርሱ በር እንዲከፍት ተመኝተን ነው።

በአጠቃላይ አቋማችን እንዲህ ይጠቃለላል። ባልንጀራውን በአዲሱ እትም ውስጥ ማስቀጠል ወይም ማሰናበት የሠሪው ውሳኔ ነው፤ በስሌቱም በጥበቡም በኩል በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቀድሞ ከሰጠው ሰው እጅ መልሶ መንጠቅ ግን መብቱ ሊሆን አይገባም። አንድ የቤተል ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጁ «እኔ በአንተ ዕድሜ ከዚህ ጋር ነበር የምጫወት» ብሎ አሮጌውን ጨዋታ ከፍቶ ማሳየት ቢችል፣ ያ ባልንጀራ በክብር ጡረታ ወጥቷል ማለት ይቻላል።